«ከአሥር ሺህ በታች አድርገው»፦ ደራሲው ስላልታወቀ አንድ ምክር

ሂስ ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ አእምሯችን የሚመጣው መጽሐፍ፣ ቲያትር ወይም ዘፈን ነው። ዛሬ የምተቸው ግን ያልታተመ፣ ደራሲው ያልታወቀ፣ ሆኖም በእኛ ስደተኞች መካከል ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ የተሠራጨ አንድ ምክር ነው። ምክሩ አጭር ነው፤ «መኪና ስትገዛ በጥሬው ግዛ፤ ግን ከአሥር ሺህ በታች እያደረግህ ክፈል፤ አለበለዚያ መንግሥት ይመዘግብሃል» ይላል። በታክሲ ተራ ይነገራል፣ በቡና ላይ ይነገራል፣ ከክርስትና ድግስ እስከ ለቅሶ ቤት ይነገራል። እቁብ የወጣለት ሰው «እንኳን ደስ ያለህ» ከተባለ በኋላ የሚሰማው ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ይኸው ነው።

አገር ቤት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ የተማሪዎቼን ድርሰት ሳርም ሦስት ነገር እጠይቅ ነበር። የተባለው እውነት ነው ወይ? ከየት የመጣ ነው? የሚያምነውን ሰው ወዴት ይወስደዋል? ዛሬ ኑሮዬ በታክሲ መሪ ላይ ቢሆንም ቀይ እስክሪብቶዬን አልጣልኩትምና ይህንንም ምክር በእነዚሁ ሦስት ጥያቄዎች ላርመው። የምጽፈው ስለ አሜሪካ ሕግ ነው፤ በአውሮፓ ለምትኖሩ አንባቢያን ወደ መጨረሻው ላይ አንድ ቃል አለኝ። ዓመቶቹም «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እውነት ነው ወይ?

ከምክሩ ውስጥ ግማሹ እውነት ነው፤ አደገኛ ያደረገውም ይኸው ግማሽ እውነትነቱ ነው። በአሜሪካ አንድ ነጋዴ በንግዱ ሥራ ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲቀበል ቁጥር 8300 የተባለውን ቅጽ ሞልቶ በ15 ቀን ውስጥ ለመንግሥት ማስገባት አለበት። ግዴታው በ1984 በወጣ ሕግ የመጣ ሲሆን ከ1985 መጀመሪያ ጀምሮ ይሠራበታል። ቅጹ የገዢውን ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ ሥራና መታወቂያ ይጠይቃል። ከተከፈለው ውስጥ ምን ያህሉ በመቶ ዶላር ኖት እንደ ሆነ እንኳ ሳይጠይቅ አያልፍም።

እንግዲህ «ይመዘግብሃል» የሚለው ትክክል ነው። ምክሩ የማይናገረው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። መመዝገብ መከሰስ አይደለም። በጥሬ ገንዘብ መኪና መግዛት በአሜሪካ ወንጀል አይደለም፤ የፌዴራሉ ሕግም ለመጠኑ ጣሪያ አላበጀለትም። 20 ሺህም ሆነ 40 ሺህ ቆጥሮ መክፈል ይቻላል። ቅጹን የማስገባት ሸክም የሻጩ ነው፤ የገዢው ድርሻ መታወቂያውን አሳይቶ እውነቱን መናገር ብቻ ነው። ሻጩ ደግሞ በተከታዩ ዓመት እስከ ጃንዋሪ 31 ድረስ «ስለ እርስዎ ይህን አስታውቄአለሁ» የሚል ጽሑፍ ለገዢው መላክ አለበት። ይህ ወረቀት ሲደርሳቸው የፍርድ ቤት መጥሪያ መስሏቸው እንቅልፍ ያጡ ሰዎች አውቃለሁ። ወረቀቱ ግን ማስታወቂያ ነው፤ መጥሪያ አይደለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ግማሽ እንለፍ። «ከአሥር ሺህ በታች እያደረግህ ክፈል» የሚለው በሁለት ምክንያት ይወድቃል። አንደኛ፣ አያስመልጥም። ዛሬ 9,000 በሚቀጥለው ወር ሌላ 9,000 ቢከፈል፣ ለአንዱ መኪና እስከ ሆነ ድረስ በአንድ ዓመት ውስጥ ድምሩ ከ10,000 ባለፈ ጊዜ ሻጩ ቅጹን ይሞላል። ጥሬውን ወደ ካሸርስ ቼክ ወይም ወደ መኒ ኦርደር መለወጥም መላ አይሆንም፤ መኪናን በመሰለ ግዢ እያንዳንዳቸው 10,000 ወይም ከዚያ በታች የሆኑት እንደ ጥሬ ገንዘብ ተቆጥረው ይደመራሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ከዚህ ይከብዳል። ሪፖርቱ እንዳይደረግ ብሎ ገንዘብን መከፋፈል ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ገንዘቡ በላብ የተገኘ ቢሆንም፣ ግብሩ የተከፈለበት ቢሆንም ያው ወንጀል ነው። ቅጣቱ እስከ አምስት ዓመት እስራት ሊደርስ ይችላል። በባንክ መስኮትም ሕጉ አንድ ነው፤ ባንኩ በቀን ከ10,000 በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ወይም ሲወጣ ያስታውቃል፣ ይህም ባለሂሳቡን ምንም አያስከፍለውም፤ ከዚያ ለመሸሽ በየሦስት ቀኑ 9,000 እየያዘ የሚመላለሰው ሰው ግን በራሱ እግር ወንጀል ውስጥ ይገባል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል እንዲህ ነው።

ነገሩ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ አንድ የታወቀ የፍርድ ታሪክ ላንሣ። በ1988 በኔቫዳ፣ ሪኖ ከተማ፣ ራትዝላፍ የተባለ ሰው በካሲኖ ቁማር 160,000 ዶላር ዕዳ ገባ። ከሳምንት በኋላ 100,000 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ይዞ ዕዳውን ሊከፍል መጣ። ካሲኖው ገንዘቡን እንዲሁ ከተቀበለ ማስታወቅ እንዳለበት ነገረውና፣ በባንክ ቼክ ቢያመጣው ግን እንደሚቀበለው ጨምሮ ሊሙዚንና አብሮት የሚሄድ ሠራተኛ ሰጠው። ሰውየው በሊሙዚኑ ከባንክ ወደ ባንክ እየዞረ እያንዳንዳቸው ከ10,000 በታች የሆኑ ቼኮች ገዛ። በዚህም ተከሶ ተፈረደበት። በጃንዋሪ 1994 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ፣ መከፋፈሉ ሕገ ወጥ መሆኑን ያውቅ እንደ ነበር መረጋገጥ አለበት ብሎ ወሰነለት። ኮንግረስ ግን በዚያው ዓመት ሕጉን አሻሽሎ ያንን በር ዘጋው። ዛሬ «ወንጀል መሆኑን አላወቅሁም» ማለት አያድንም። ዐቃቤ ሕግ የሚያስረዳው ሰውየው ሪፖርት እንዳለ አውቆ ከዚያ ለማምለጥ ሲል መክፈሉን ነው።

አንባቢያን፣ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ምክሩን እንደገና አንብቡት። «ከአሥር ሺህ በታች እያደረግህ ክፈል፤ አለበለዚያ መንግሥት ይመዘግብሃል።» ሪፖርት ስለ መኖሩ ምንም ሳያውቅ፣ ደመወዙ እንደ ደረሰለት ዛሬ አምስት ሺህ ነገ ስድስት ሺህ የሚከፍል ሰው ምንም ጥፋት የለበትም። ምክሩን ሰምቶ የሚከፋፍለው ሰው ግን የጥፋቱን ሐሳብ አብሮ ሰምቷል። «አለበለዚያ» የምትለው ቃል ዐቃቤ ሕግ የሚፈልጋት ቃል ናት። ይህ ምክር እንግዲህ ተጎጂውን ሳያስጠነቅቅ የሚያልፍ ተራ ስሕተት አይደለም፤ ንጹሑን ሰው ጥፋተኛ የሚያደርገው ራሱ ምክሩ ነው።

ከየት የመጣ ነው?

ይህን ስል ምክሩን የሚናገሩትን ሰዎች እንደ ሞኝ መቁጠሬ አይደለም። ምክሩ አባት አለው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደርግ የግል ባንኮችንና የመድን ድርጅቶችን ወረሰ። በዚያው ዓመት በሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። በጥቅምት 1969 ዓ.ም. የብር ኖት ተለወጠ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ መንግሥት፣ በሌላ ምክንያት፣ ኖቱን እንደገና ለወጠ፤ በቤቱ ገንዘብ ያስቀመጠ ሁሉ የቀን ገደብ ተሰጥቶት በባንክ በር ተሰለፈ። እንዲህ ካለ ትምህርት ቤት የወጣ ሕዝብ አንድ ነገር ተምሯል፤ መንግሥት ያወቀው ገንዘብ፣ የራቀ ገንዘብ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ለዚያ ሕይወት ልክ ነበር።

እቁባችንም ከዚህ ጥንቃቄ ጋር ይስማማል። ሃያ ሰው በወር አንድ አንድ ሺህ ሲጥል፣ ዕጣ የወጣለት ሃያ ሺህ ይዞ ይሄዳል። ባንክ «የብድር ታሪክ የለህም» ብሎ የመለሰውን አዲስ መጤ፣ እቁቡ በዳኛና በዋስ ብቻ አምኖት መኪና አስገዝቶታል፣ ሥራም አስጀምሮታል። ወለድ በእምነቱ የተከለከለበትም ሰው ያለ ወለድ የሚቆጥብበት መንገድ ይኸው ነው። ስለዚህ በጥሬ ገንዘብ መኪና የሚገዛ ወገናችን የሚደብቀው ነገር ስላለው ነው የሚል ሰው እኛን አያውቀንም።

አንድ ሌላም ውርስ አለ፤ እሱም የገበያ ነው። አገር ቤት ብሩ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረገፍ ሻጩ ይለሰልሳል፣ ዋጋውም ይወርዳል ብለን አድገናል። እዚህ ግን መኪና ሻጩ ብድር አፈላልጎ ሲሰጥ ከአበዳሪው ድርሻ ያገኛልና ብዙ ጊዜ ከጥሬ ገንዘብ ይልቅ ባለ ብድር ደንበኛ ይወድዳል። «በካሽ ነው የምገዛው» ብሎ ድርድሩን የሚጀምር ሰው የተሻለ ዋጋ ያገኘ ይመስለዋል፤ ሻጩ ግን ከብድሩ ያጣውን በመኪናው ዋጋ ላይ ለማካካስ ጊዜ አግኝቷል። ዋጋው መጀመሪያ ይቆረጥ፤ አከፋፈሉ በኋላ ይነገር።

ወዴት ይወስዳል?

የምክሩ ክፉ ፍሬ የሚታየው አንድ ሰው ገንዘቡን ይዞ መንገድ ሲወጣ ነው። በ2003 በነብራስካ አውራ ጎዳና ላይ አንድ ሰው ከፍጥነት በላይ ነድተሃል ተብሎ ቆመ። በተከራየው መኪና ውስጥ፣ በበረዶ ሣጥን ተሸሽጎ፣ 124,700 ዶላር ተገኘ። ሰውየው በፍርድ ቤት ሲያስረዳ ገንዘቡን ከሌሎች ጋር አዋጥተው ማቀዝቀዣ ያለው የጭነት መኪና ለመግዛት ወደ ቺካጎ ይዞት ሄዶ እንደ ነበርና፣ ሲደርስ መኪናው ተሸጦ እንደ ጠበቀው ተናገረ። አደንዛዥ ዕፅ አልተገኘበትም፤ ውሻው ግን ገንዘቡ ላይ ምልክት ሰጠ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለሰዎቹ ፈረደ። የስምንተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በ2006 ፍርዱን ገልብጦ ገንዘቡ ለመንግሥት ይሁን አለ።

የዚህን ፋይል ርእስ ላነበበ የአማርኛ መምህር ነገሩ የሚገርም ነው፤ «አሜሪካ በ124,700 ዶላር ላይ» ይላል። ተከሳሹ ሰውየው ሳይሆን ገንዘቡ ነው። ገንዘብ አፍ የለውምና ስለ ራሱ መናገር አይችልም፤ የሚናገርለት የተያዘበት ሁኔታ ነው። እንግዲህ አባቶቻችን «ከአነጋገሩ ይፈረዳል፣ ከአያያዙ ይቀደዳል» ያሉት ይህን ነው። ሰውየው ለፖሊስ መጀመሪያ «ገንዘብ አልያዝኩም» ብሎ ነበር። ለምን እንደ ዋሸ ሲጠየቅ ብዙ ጥሬ ገንዘብ ይዞ መሄድ ሕገ ወጥ መስሎት እንደ ፈራ አስረዳ። ሕገ ወጥ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ግን ውሸቱንና አሸሻሸጉን በገንዘቡ ላይ ማስረጃ አድርጎ ቆጠረው። አዋጥቶ መኪና መግዛት፣ መፍራት፣ መደበቅ፣ በመደበቁ መጠርጠር፤ ይህ ታሪክ የእኛ ሰው ታሪክ ሊሆን ምን ቀረው?

ሕጉስ ከሂስ ያመልጣል?

አያመልጥም። መምህር ሰነፉን ተማሪ ገሥጾ የመማሪያ መጽሐፉን ስሕተት ቢያልፍ አድልዎ ይሆናል። 10,000 የምትለው ቁጥር ለባንኮች የወጣችው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ ዋጋ ሁሉ ሲወጣ እርሷ ባለችበት ቆማለች፤ ያኔ በ10,000 ዶላር ይገዛ የነበረው ዛሬ ከ70,000 በላይ ይጠይቃል። የመኪናው ቅጽ ሥራ ላይ በዋለበት በ1985 በ10,000 ዶላር አዲስ መኪና ይገዛ ነበር። ዛሬ ሁለት ሦስት ዓመት የተነዳ ካምሪ እንኳ በዚያ ዋጋ አይገኝም። ትልቁን ዓሣ ለማጥመድ የተዘረጋው መረብ ሳይነካ በመቆየቱ ብቻ አሁን ትንሹንም ይሰበስባል። ሕጉንም ያወጡት ሰዎች የሰጡት ስም ለሰምና ወርቅ አስተማሪ ይመቻል፤ በ1970 የወጣውና ባንኮች ስለ ደንበኞቻቸው እንዲያስታውቁ መሠረት የሆነው ሕግ «የባንክ ምስጢር ሕግ» ይባላል። ሰሙ ምስጢር መጠበቅ፣ ወርቁ ምስጢር ማውጣት!

አፈጻጸሙም ቢሆን ነቀፌታ አላጣም። የግብር መሥሪያ ቤቱን የሚቆጣጠረው የመንግሥት ክፍል በ2017 ባወጣው ምርመራ፣ ገንዘብ ከፋፍላችኋል ተብለው ገንዘባቸው ከተያዘባቸው ጉዳዮች መካከል በናሙና ካያቸው ውስጥ በ91 በመቶው ገንዘቡ በሕጋዊ መንገድ የተገኘ እንደ ነበር ገልጿል። በ2019 የወጣ ሕግ ደግሞ አይ አር ኤስ በመከፋፈል ብቻ ገንዘብ እንዳይዝ፣ ምንጩ ሕገ ወጥ ወይም ሌላ ወንጀል ለመደበቅ የተደረገ መሆን እንዳለበት ወስኗል። ይህ ጥሩ ነው። ሆኖም መከፋፈል ወንጀል መሆኑ አልቀረም፤ የተሻሻለው ገንዘቡ ስለሚያዝበት ሁኔታ ብቻ ነው።

ሻጮቹም ከነቀፌታ ነፃ አይደሉም። «ዛሬ ዘጠኝ ሺህ ስጠኝ፣ ቀሪውን ነገ አምጣ፣ ወረቀት ውስጥ አንግባ» የሚል ሻጭ ወዳጅ አይደለም፤ በሕጉ እርሱም ተጠያቂ ነው። ደግሞም አንድ የማይታወቅ ነገር ልንገራችሁ። በቅጹ ላይ «አጠራጣሪ ግብይት» የምትል ትንሽ ሣጥን አለች። ከ10,000 በታች በሆነ ግብይትም ቢሆን ሻጩ ከተጠራጠረ በፈቃዱ ምልክት አድርጎባት መላክ ይችላል፤ ይህንንም ለገዢው አይነግረውም። ስለዚህ «ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ ባደርገው ትተወዋለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ፣ ሣጥኗን ለማስነካት ከዚህ የበለጠ ንግግር አያስፈልገውም።

ስለ እውነተኛው ፍርሃት

አሁን በመካከላችን ዝም የምንለውን ነገር ላንሣው። ከምክሩ በስተጀርባ አንዳንድ ጊዜ ያለው የደርግ ትዝታ ሳይሆን የግብር ነገር ነው። በጥሬ ገንዘብ የምንሠራ ሰዎች፣ ታክሲ ነጂውም፣ ቲፕ ተቀባዩም፣ በቤቷ ድፎና እንጀራ ጋግራ የምትሸጠውም፣ ገቢያችን በእጃችን ይገባል። ለግብር 15 ሺህ ያስታወቀ ሰው በዚያው ዓመት 30 ሺህ ቆጥሮ መኪና ሲገዛ ቅጹን ቢፈራ እውነት አለው፤ ቅጹ የሚሄደው ወደ ግብር መሥሪያ ቤቱ ነውና። ነገር ግን የዚህ ሰው ሕመም ሌላ፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው። ገንዘቡን በመከፋፈል አንዱን ጥፋት ሁለት ያደርገዋል እንጂ አይፈወስም። መድኃኒቱ የግብር ዐዋቂ ዘንድ ሄዶ ያለፈውን ማስተካከል ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ግብሩን አሟልቶ የከፈለው ሰው ያልከፈለውን ሰው ምክር ተቀብሎ በማይመለከተው ፍርሃት መታሰሩ ነው።

ታዲያ ምን እንበል?

ተማሪ ድርሰቱ ላይ ቀይ መስመር ብቻ ተሰምሮበት ሲመለስለት አይማርም፤ እርማቱ ሊጻፍለት ይገባል። እንግዲህ ለቡና ላይ ወሬ የሚሆን እርማት ይኸውና።

የእቁቡን ገንዘብ ባንክ ካስገባህ ሁሉንም በአንድ ቀን አስገባ፤ ባንኩ ያስታውቅ፣ ምን ይጎዳሃል? ከዚያ መኪናውን በራስህ ቼክ ወይም ከባንክ ወደ ባንክ በሚተላለፍ ክፍያ ግዛ፤ እነዚህ በቅጽ 8300 ጥሬ ገንዘብ አይባሉም። ካሸርስ ቼክ ከሆነም ለሙሉው ዋጋ አንድ ቼክ፣ ከ10,000 በላይ የሆነ፣ አሠራ። በጥሬው መክፈል ከፈለግህም ክፈል፤ መታወቂያህን ስጥ፣ ደረሰኝህን ተቀበል፣ በጃንዋሪ የሚመጣውን ወረቀት ከደረሰኙ ጋር አስቀምጥ። ሥራህን ሲጠይቁህ «ታክሲ ነጂ» በል፤ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። ከግለሰብ ላይ አሮጌ መኪናውን ብትገዛ፣ ሰውየው ነጋዴ እስካልሆነ ድረስ ቅጹ አይመለከተውም፤ ይሁን እንጂ የሽያጭ ወረቀት ያለ ፊርማ አትቀበል። ብዙ ገንዘብ በሣጥን ይዘህ ከስቴት ወደ ስቴት አትንዳ።

ለእቁብ ዳኞችና ጸሐፊዎች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ማን በየትኛው ቀን ስንት እንደ ጣለ፣ ዕጣው ለማን እንደ ወጣ የሚያሳይ መዝገብ ያዙ፤ ዕጣ ለወጣለትም ሰው የተፈረመ ወረቀት ስጡት። ያቺ ወረቀት «ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?» ለሚል ለማንኛውም ጠያቂ መልስ ናት። አፍ ለሌለው ገንዘብ አፍ የምትሆነው እርሷ ናት።

በአውሮፓ ለምትኖሩ አንባቢያን የገባሁትን ቃል ልፈጽም። በእናንተ ዘንድ ነገሩ ከማስታወቅ ያለፈ ነው። ለምሳሌ በፈረንሳይ ነዋሪ የሆነ ሰው ለነጋዴ ከ1,000 ዩሮ በላይ በጥሬው መክፈል አይፈቀድለትም። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 ባወጣው ደንብ፣ ከጁላይ 2027 ጀምሮ በንግድ ሥራ የሚከፈል ጥሬ ገንዘብ በአባል አገሮች ሁሉ ከ10,000 ዩሮ እንዳያልፍ ወስኗል፤ አገሮችም ከዚያ ያነሰ ጣሪያ ማበጀት ይችላሉ። ስለዚህ ከአሜሪካ ዘመድ በስልክ የሚመጣ ምክር፣ ትክክለኛውም ቢሆን፣ ለእናንተ አይሠራም።

ያ ስም የለሽ ደራሲ ክፉ ሰው አይመስለኝም። የተነጠቀ፣ የፈራና ለወገኑ ያሰበ ሰው ነው። ሥራውን የጻፈው ግን መታየት ለሚያስቀማበት አገር ነው። እኛ ያለንበት አገር ደግሞ፣ ሕጉ ጉድለት ቢኖረውም፣ በግልጽ የተከፈለውን ትቶ የተደበቀውን የሚከተል ነው። ሃያ ወር ሙሉ ሌሊት በመንዳት የተጠራቀመ ገንዘብ አንገቱን ደፍቶ በዘጠኝ በዘጠኝ ሺህ ሊገባ አይገባውም። በቀን፣ በሙሉ ቁጥሩ፣ በባለቤቱ ስም ይግባ።